ስንት ኮሶ ቆሟል? ስንቱስ ወልዷል?

ኮሶ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን መድኃኒቱ ነው፤ ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገራችን የኮሶ ትልን ለማስወጣት ደርቆ፣ ተወቅጦና ተበጥብጦ የሚጠጣው መራራ አበባ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ስለ ዛፉ ጽፎ ለአውሮፓ አስተዋወቀው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አበባው እዚያው አውሮፓ መድኃኒት ቤት ገባ። መጠኑ ሲበዛ ጎጂ ስለሆነ ዛሬ ሐኪሞች የሚያዙት ሌላ መድኃኒት ነው። ዛፉ ግን ለጣውላ ሲቆረጥና ደኑ ለእርሻ ሲመነጠር ተመናምኗል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ከጽድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር።

አንድ ተራራ ላይ 100 የኮሶ ዛፎች ቆመው ቢያገኙ ስብስቡ ደኅና ነው ይላሉ? መልሱ ከቆጠራው በላይ ይጠይቃል።

እያንዳንዱ ኮሶ ባሕርዩን የሚወስኑ መመሪያዎች፣ ማለትም ዘረመሎች (ጂኖች) አሉት። ከእያንዳንዱ ዘረመል አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይወርሳል። ቅጂዎቹ ከዛፍ ዛፍ ጥቂት ጥቂት ይለያያሉ፤ የዘረመል ብዝሃነት የምንለው ይህን ልዩነት ነው። አዲስ በሽታ ቢመጣ ወይም አየሩ ቢሞቅ፣ ከልዩ ልዩ ዛፎች መካከል የሚቋቋም የመገኘቱ ዕድል ይሰፋል። ችግሩ፣ ዛፍ ሁሉ ልጅ አይተካም። ጥቂት ዛፎች ብቻ የያዙት ቅጂ፣ እነሱ ሳይወልዱ ከሞቱ፣ ክፉም ሆነ በጎ በዕጣ ብቻ ይጠፋል። ወላጆች ባነሱ ቁጥር ይህ የዕጣ ነገር ይበረታል።

ኮሶ ደግሞ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው። የአበባውን ብናኝ ከወንዴው ወደ ሴቴው የሚያደርሰው ነፋስ ነው፤ ዘር የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ከቆሙት ዛፎች ይልቅ ለመጪው ትውልድ ዘረመል የሚያወርሱትን የሚመዝን ቁጥር ያሰላሉ፤ ውጤታማ የስብስብ መጠን ይሉታል። የወንዴዎችን ቁጥር በሴቴዎች ያባዛሉ፣ ውጤቱን በ4 ያባዛሉ፣ ከዚያ ለጠቅላላው ያካፍላሉ። 50 ወንዴና 50 ሴቴ ካሉ መልሱ 100 ነው። 90 ወንዴና 10 ሴቴ ከሆኑ ግን 36 ብቻ! ከብዝሃነቱ በየትውልዱ የሚጠፋው ድርሻ ደግሞ በግምት 1 ለዚህ ቁጥር እጥፍ ሲካፈል ነው፦ ለ100 ግማሽ በመቶ፣ ለ36 ደግሞ 1.4 በመቶ ያህል። ዛፎቹ በሁለቱም ምሳሌ እኩል 100 ናቸው፤ ሁለተኛው ስብስብ ግን ብዝሃነቱን ሦስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ያጣል።

ይህ በኮሶ ላይ የሚያሳስበኝ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ስለሆነ ነው። ዘለላው ዘሩ ሳይረግፍ ከተለቀመ ዛፏ በሕይወት አለች፣ ስንቆጥርም እናገኛታለን፤ በዚያ ዓመት ግን እናት አልሆነችም።

አሁን ወደ ዲኤንኤው እንግባ። ዘረመል የተጻፈበት ይህ ንጥረ ነገር በዛፉ ሕዋስ ውስጥ በተለያየ ቦታ ይገኛል። በሕዋሱ አስኳል ያለው ከሁለቱም ወላጆች ይመጣል፤ ስለዚህ በብናኝም በዘርም ይጓዛል። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፕላስትም የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ ይህ ግን በአብዛኞቹ አበባ የሚያወጡ ተክሎች ከእናት ብቻ ይወረሳል፣ የሚጓዘውም በዘር ብቻ ነው። ሁለቱን ማነጻጸር የብናኙንና የዘሩን መንገድ ለየብቻ ያሳየናል። በኢትዮጵያ ኮሶ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአስኳሉ ዲኤንኤ አብዛኛውን ልዩነት ያገኙት እዚያው ስብስብ ውስጥ፣ በጎረቤት ዛፎች መካከል ነው። በክሎሮፕላስቱ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ በአንድ ስብስብ ውስጥ ያሉት ዛፎች በአመዛኙ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከስብስብ ስብስብ ነው። ነፋሱ ብናኙን አርቆ ያደባልቃል፤ የእናት ሐረግ ግን ከሰፈረበት ብዙም አይርቅም። ተመራማሪዎች ይህን ያያያዙት ከበረዶ ዘመን በኋላ ዛፉ በጥቂት ፈር ቀዳጅ ዘሮች አማካይነት ወደ ደጋው ከመስፋፋቱ ጋር ነው። ጥንታዊውን ጉዞ ዛሬም በሕይወት ካለ ቅጠል ማንበብ መቻሉ እጅግ ያስደንቀኛል። ያስፈራኛልም፤ አንዱ ስብስብ ከተመነጠረ የእናቱን ሐረግ ከሩቅ የሚመጣ ብናኝ አይመልሰውም።

እንግዲህ ችግኝ ለማፍላት ዘር የሚሰበስብ ሰው መንገድ ዳር ከቆመች አንዲት ሴቴ ብቻ ከለቀመ፣ ችግኞቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይሆናሉ፤ ሲያድጉም እርስ በርስ ይዳቀላሉ። የተሻለው፣ በዚያው አካባቢ ተራርቀው ከቆሙ ብዙ ሴቴዎች እኩል እኩል መሰብሰብና መቀላቀል ነው። ለመድኃኒት የሚቆርጥም በየዛፉ ለዘር የሚሆኑ ዘለላዎች ይተው። ችግኙ አድጎ እስኪያብብ ወንዴ ይሁን ሴቴ ስለማይለይ፣ ኮሶ ሲተከል በርከት አድርጎ መትከል ያስፈልጋል።