ከፎገራ ሜዳ ወደ ማስተርስ
ጥያቄ፦ የፎገራ ቁሐር ሚካኤል ልጅ ነኝ፤ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ለማስተርስ የውጭ ስኮላርሺፕ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ከቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ጀምሪ። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ነው፤ ለማስተርስ ዕድሜ ከ30 በታች፣ ውጤት ቢያንስ 75 በመቶ ይጠይቃል። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ስለሚፈልግ ሥራ ከያዝሽ በኋላ ይደርሳል። ሁለቱም ማመልከቻቸው በነጻ ነው፤ «ላስጨርስልሽ» ለሚል ደላላ ሳንቲም እንዳትሰጪ።

በፓስፖርትሽ፣ በ12ኛ ክፍል ውጤትሽና በትራንስክሪፕትሽ ላይ የአባትና የአያትሽ ስም በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት መጻፉን አሁኑኑ አመሳክሪ። አንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ከምርቃት በፊት ሬጅስትራር ሄደሽ አስተካክዪ።

በማመልከቻ ደብዳቤሽ «ከልጅነቴ ጀምሮ አካውንቲንግ እወዳለሁ» አትበዪ፤ ሁሉም ይለዋል። የፎገራን ሩዝ ጻፊ፦ ገበሬው ሩዙን ወረታ ወስዶ ሲያስፈለፍል ክብደቱ፣ የመፈልፈያው ዋጋና የማዳበሪያ ዕዳው በማን መዝገብ እንደሚሰፍር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ ትርፍ እንዴት እንደሚያካፍል፣ አንቺ ተምረሽ የቱን እንደምታሻሽዪ። ይህን ካንቺ አስበልጦ የሚጽፍ አመልካች የለም።

የድጋፍ ደብዳቤውንም መምህራንሽ በደንብ እያስታወሱሽ ሳለ፣ ከመመረቅሽ በፊት ጠይቂ።