ወኪላችን ማን ነው? ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጭር ትምህርት

«የትውልድ ወረዳችሁን ፓርላማ ውስጥ የሚወክለው ማን ነው?» ተብለን ብንጠየቅ ስንቶቻችን ስሙን እንጠራለን? የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ስም ያለ ስህተት የምንደረድር ልጆች እዚህ ጋ ዝም እንላለን። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ምክር ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ አብረን እንይ።

1. አመራረጡ

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ሁለት የፌዴራል ምክር ቤቶችን አቋቁሟል። ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል እንጂ ሕግ አያወጣም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች አሉት፤ የአባላቱ የሥራ ዘመን 5 ዓመት ነው። ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ተጠብቆላቸዋል።

በአንድ ምርጫ ክልል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግን ግዴታው አይደለም። ሦስት ተወዳዳሪዎች 40፣ 35 እና 25 ከመቶ ቢያገኙ ባለ 40ው ይገባል፤ የ60ዎቹ ድምፅ መቀመጫ አያስገኝም። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ሲይዙ፣ ተቃዋሚዎችን የመረጡ ዜጎች አንድም ወኪል ሳይኖራቸው ቀርቷል።

2. ሕግ አወጣጡ

ረቂቅ አዋጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል። ምክር ቤቱ ተወያይቶበት ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል። ኮሚቴው ይመረምራል፣ ባለድርሻዎችን ጠርቶ አስተያየት ይሰማል፣ ከዚያም የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ድምፅ ተሰጥቶበት ከጸደቀ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙ እንኳ ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል። በመጨረሻም በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል። የተራ ዜጋ ቃል በቀላሉ ሊገባ የሚችለው በኮሚቴው ደረጃ ነው፤ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ መጮህ ብዙም አይጠቅምም።

3. ቁጥጥሩ

ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ለአስፈፃሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ይወያያል። ነገር ግን መንግሥትን የሚመሠርተው አብላጫ መቀመጫ ያለው ፓርቲ ነው። ጠያቂውና ተጠያቂው የአንድ ቤት ልጆች ሲሆኑ ጥያቄው ሊለሰልስ ይችላል።

4. የውክልናው አማና

አንቀጽ 54 አባላቱ የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑ ይናገራል። ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው፤ ፓርቲ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። መራጩ አመኔታ ያጣበት አባልም በሕግ መሠረት ከቦታው ሊነሳ ይችላል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ማኅበረሰባችን ለረጅም ዓመታት ሲጠይቅ የኖረው የመጅሊሳችን ሕጋዊ ሰውነት ምላሽ ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 1207ን ሲያጸድቅ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ በዚያ አዳራሽ እጅ በማውጣት ይወሰናል። በሌላ በኩል አባሉ የመላው ሕዝብ ወኪል ከሆነ፣ የሌሎችም ጥያቄ የእኛን ያህል እንዲሰማ መፈለግ አለብን። ለራሳችን ብቻ የምንጠይቀው ፍትሕ ጎዶሎ ነው።

18 ዓመት ሞልቶናል፤ መራጮች ነን። ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ የወኪላችንን ስም እንጠይቅ፣ ከሕዝቡ ጋር ሲወያይ እንገኝ፣ ጥያቄያችንንም በጽሑፍ እናቅርብ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. አንድ አባል የፓርቲው አቋምና የመራጮቹ ፍላጎት ቢጋጩበት ምን ያድርግ?
ለ. በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የተሸነፉት መራጮች ድምፅ እንዴት ሊሰማ ይችላል?
ሐ. ከመካከላችን ወኪሉን አግኝቶ የሚያውቅ አለ? ምን ጠየቀ? ምንስ ተመለሰለት?