ጋሜ፣ ሳዱላ፣ ሹሩባ፦ የሴቶች ጸጉር ምን ይናገር ነበር?

እንደሚታወቀው ጸጉር ጌጥ ነው። ነገር ግን በደጋው አገራችን፣ በእኛም በወሎ፣ ከጌጥነቱ በላይ መልእክት ነበር። አንዲት ሴት ገበያ ስትወጣ ያገባች ትሁን ያላገባች፣ ሐዘን ላይ ትሁን አትሁን ሳትጠየቅ ጸጉሯ ይናገርላታል። እኛ የዜና መግቢያ ላይ የምንጨነቅባቸውን «ማን? ምን?» እሷ ራሷ ላይ ተሸክማቸው ትሄዳለች።

የልጃገረድ ጸጉር ጋሜ ነው። መሐል አናቷ ይላጭና ዙሪያው ይቀራል። ሳዱላ የሚለውም ቃል ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ ዛሬ የጸጉሩ ዓይነት ከዓይን ርቆ ቃሉ «ያላገባች ልጅ» በሚል ትርጉም ቀርቷል። ስታገባ የተላጨው አናት እንዲያድግ ይተዋል፣ ሲደርስም ሹሩባ ትሠራለች። ሹሩባ ደግሞ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! ጸጉሩ በሚዶ ይበጠራል፣ መስመር ይወጣለታል፣ ከግንባር ወደ ማጅራት ቆዳውን ይዞ ይጎነጎናል። ከዚያ ለጋ ቅቤ ይቀባል፤ ሽታው እንዲያምር አደስ የሚጨምሩም አሉ። ያላት ሴት የብር ወለባ ትሰካበታለች። የተሠራው ጸጉር በእንቅልፍ እንዳይበላሽ በብዙ የአገራችን ክፍል የእንጨት ትራስ ነበር፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የገባ ሰው አይቶታል። ሐዘን ሲመጣ ይህ ሁሉ ልፋት ይላጫል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በጃፓን በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) ያላገባች ሴት ሺማዳ፣ ያገባች ማሩማጌ የሚባለውን ትሠራ ነበር። እነሱም ጸጉራቸውን ዘይት ይቀቡታል፣ ካንዛሺ የሚባል ጌጥ ይሰኩበታል፣ ከፍ ባለ ትራስ ይተኛሉ። ልዩነቱ ወዲህ ነው፤ የእነሱን እንደ ኡታማሮ ያሉ ሠዓሊዎች በእንጨት ኅትመት አባዝተው አስቀሩት። የእኛ ያለው በሠሪዎቹ እጅና በእናቶች ትዝታ ነው።

የእኛ ጸጉር ዜና ሆኖ አያውቅም ማለቴ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ይሠሩ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች ከጸጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሲመለስ ዓለም ዘገበው። በዚያው ዘመን የነበሩት ሴቶች ጸጉር ግን ዘጋቢ አላገኘም።

ዛሬ ሹሩባ በበዓል ፕሮግራም ሞልቷል፤ አሸንድዬና ሻደይ በመጡ ቁጥር ካሜራው ጸጉር ላይ ያርፋል። ጥሩ ነው። እኔን የሚከነክነኝ «ውብ ባህላችን» ተብሎ መታለፉ ነው። ጋሜው እንዲያድግ ሲተው እኮ ብዙ ጊዜ ልጅቱ ገና ልጅ ነበረች። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም ሕግ ነበር፣ ገጠር ግን የሚሰማው ቤተ ዘመዱን ነበር። ጸጉሯ ስለ እሷ ለገበያው ሁሉ ሲናገር እሷን የጠየቀ አልነበረም።

ጋሜ ለብሰው ያደጉ እናቶች በየቤታችን አሉ። መቅረጸ ድምፅ ይዘን ስንሄድ ስለ ቅቤውና ስለ ወለባው እንጠይቃቸው፤ ደስ ብሏቸው ይነግሩናል። ቀጥሎ ግን «እማማ፣ አናትዎ መላጨት ሲቀር ዕድሜዎ ስንት ነበር?» እንበላቸው።