ማሳየትና መሸፈን
የተቸገረን ሰው ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት የቀረበ ትምህርት

የጋዜጠኝነት ትምህርት የሚከታተል አንድ ወጣት፣ «በረሃብ የደከመ ሰው ፊቴ ቢወድቅ ካሜራዬን ላንሣ ወይስ እጄን ልዘርጋ?» ሲል ጠይቆናል። ጥያቄው የጋዜጠኞች ብቻ አይደለም። ዛሬ በየፕሮጀክቱ የሚሠራው ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በኪሱ ይዟል፤ ጉባኤዎቻችንም ለተቸገሩት የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ አይተው ነው። ስለዚህ ነገሩን በአራት ክፍል እንመልከተው።

1ኛ/ ረሃብ ሲሸፈን ሰው ይሞታል

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ነበር። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘውን ፊልሙን በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲያቀርብ ብዙው ዓለም ጉዳዩን አወቀ፤ ዕርዳታም ተሰበሰበ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ንጉሡን በዚያ ፊልም የከሰሰው ደርግም ከዐሥር ዓመት በኋላ የአብዮቱን በዓል በብዙ ወጪ ሲያከብር ጋዜጠኞችን ከረሃቡ ቦታ አራቀ። ዓለም የተነቃነቀው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ በኮረም ያዘጋጁት ዜና ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከታየ በኋላ ነው። እንግዲህ «የተራበ ሰው ፎቶግራፍ ፈጽሞ አይነሣ» ብንል የምንጠብቀው ችግረኛውን ሳይሆን ችግሩን የሚደብቀውን ነው።

2ኛ/ ገመና ሲገለጥ ሰው ይዋረዳል

በመጋቢት ወር 1985 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካዊው ኬቨን ካርተር በደቡብ ሱዳን፣ አዮድ በተባለች መንደር አንድ ሕፃን በረሃብ ደክሞ መሬት ላይ ተደፍቶ፣ ከኋላውም ጥንብ አንሣ አርፎ አየ። ፎቶግራፉን አነሣ፤ አሞራውንም አባረረ። ፎቶግራፉ በኒው ዮርክ ታይምስ ሲወጣ ብዙ አንባብያን «ሕፃኑ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ጋዜጣውም ሕፃኑ ተነሥቶ መንገዱን እንደ ቀጠለ፣ ዕርዳታ ጣቢያው መድረሱ ግን እንደማይታወቅ ገለጸ። ካርተር በ1986 ዓ.ም. የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የራሱን ሕይወት አጠፋ። ሞቱን ከዚህ ፎቶግራፍ ጋር ብቻ ማያያዝ ልክ አይደለም፤ በሀገሩ ያያቸው ግድያዎችና የባልደረባው መሞትም ከብደውት ነበር።

እርሱን ለመኮነን አንቸኩል። የአንባብያኑ ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር። በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ካም የአባቱን ዕራቁትነት አይቶ ለሌሎች አወራ፤ ሁለቱ ወንድሞቹ ግን ፊታቸውን አዙረው አባታቸውን አለበሱ። ካም ያወራው ውሸት አልነበረም። እውነት መሆኑ ብቻ አልበቃም። ረሃቡን መግለጥ የሚያሳፍረው ጥፋተኛውን ነው፤ የተራበውን ሰው ገመና መግለጥ ግን የሚያሳፍረው ተጎጂውን ነው። ሁለቱን መለየት የእኛ ድርሻ ነው።

3ኛ/ ከፎቶግራፉ ውጭ የሚቀር አለ

በ1977ቱ ረሃብ ካሜራው የተራበውን ሕዝብ አሳየ፤ በሰሜን ይካሄድ የነበረውን ጦርነት ግን ብዙ ተመልካች አላየውም። ስለዚህ ረሃቡን የዝናብ እጦት ብቻ ያመጣው መሰለው። ደግሞም በዚያ ዓመት በመቐለ አካባቢ የካናዳ ቴሌቪዥን ያነሣት፣ ትሞታለች የተባለች አንዲት ሕፃን ዳነች፤ አድጋም ግብርና ተማረች። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በለንደን ሃይድ ፓርክ በታላቅ ሕዝብ ፊት ቆመች። ፎቶግራፍ የአንድ ሰውን አንዲት ደቂቃ ይዞ ያስቀራል እንጂ ዕድሜውን ሁሉ አይናገርም።

4ኛ/ ምን እናድርግ?

የቀይ መስቀልና የዕርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ በ10ኛው አንቀጹ የአደጋ ተጎጂዎች ተስፋ እንደሌላቸው ሳይሆን ክብር እንዳላቸው ሰዎች እንዲቀርቡ ያዝዛል። በሥራችን ላይ ይህን እንዲህ እንፈጽመው፦

ሀ/ በአጠገብ ሌላ ረዳት ከሌለ ካሜራው ይቀመጥ፤ ሰውየው ይነሣ። ሐኪሙ ወይም ነርሷ በሥራ ላይ ካሉ ግን ሳናውካቸው ማንሣት እንችላለን።

ለ/ ፎቶግራፉ የት እንደሚታይ ለባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ ነግረን ፈቃዱን እንጠይቅ። ስንዴ ለመቀበል የተሰለፈ ሰው «አይሆንም» ለማለት አይደፍርም። ስለዚህ እንቢ ቢል ከራሽኑ አንዲት ጣሳ እንደማይጎድልበት አስቀድመን እናስረዳው።

ሐ/ ከፎቶግራፉ ሥር ቦታውን፣ ጊዜውንና የችግሩን ምክንያት በትክክል እንጻፍ። የሕፃናትን ስም ግን አናውጣ። ያለፈው ዓመት ፎቶግራፍም የዘንድሮ ተብሎ አይቅረብ።

መ/ የተራበ ሰው ሲያርስ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ጎረቤቱን ሲያስታምም ይገኛል። ይህንንም እናንሣ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በጉባኤያችን ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ፎቶግራፎች ባለቤቶቻቸው መጥተው ቢያዩአቸው ምን ይላሉ?
2. የተከበረ ሰው ፎቶግራፍ ስናይ የምንሰጠው ከተዋረደው ያነሰ ከሆነ፣ ጉድለቱ የማን ነው?
3. በአካባቢያችን ተሸፍኖ ያለ፣ መገለጥ የሚገባው ችግር አለን?