«ዘራቸው ነው» ሲባል፦ ስለ እግር እብጠት፣ ስለ ልውጠ ሕያው እህልና ስለ ጓያ

«ዘር» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይሸከማል። በጎተራ ለመጪው ክረምት የተቀመጠው እህል ዘር ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የሚቆጠረው ትውልድም ዘር ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ካህናትና ምእመናን በሥልጠና በተሰበሰቡ ቁጥር የሚነሡት ሁለት ጥያቄዎች ከዚሁ ቃል ይወለዳሉ። አንደኛው «እግሩ ካበጠ ሰው ቤት ልጅ ማግባት ይገባልን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በባለሙያ እጅ የተለወጠ ዘር ቢበሉት አይጎዳምን?» የሚል ነው። ሁለቱም በአንድ ቃል መልስ የሚዘጉ ስላልሆኑ፣ በዚህ ዕትም በቅደም ተከተል ልንመለከታቸው ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ እግሩ። በደጋውና በወይና ደጋው በልማድ «ዝሆኔ» ከሚባሉት እብጠቶች አንዱ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በቆላ በትንኝ ንክሻ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ትልም የለበትም፣ ተሐዋሲም የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ብዙውን ጊዜ ከእግር መዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት በላይ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈጠረ ቀይ አፈር ነው። በጫማ ያልተሸፈነ እግር እንዲህ ያለውን አፈር ለዓመታት ሲረግጥ፣ ለዓይን የማይታዩ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ዘልቀው የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹም ይጠብባሉ፣ ይደፈናሉ፤ ፈሳሹ መመለሻ አጥቶ እግር ያብጣል። ይህን በኢትዮጵያ ሲሠራ መርምሮ ለበሽታው የዛሬ ስሙን የሰጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በአገራችን በዚህ በሽታ የተያዙት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል።

ታዲያ ሕዝቡ «ዘራቸው ነው» ማለቱ ፍጹም ከንቱ ነውን? አይደለም፤ ክርክሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ አፈር ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግር እያረሰ፣ አንዱ ቤት ሲታመም ጎረቤቱ ደኅና ይኖራል። አባቶቻችን ያዩት ይህን ነው፤ ያዩትም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት፣ የታማሚ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ታማሚዎችንና ጤነኞችን አነጻጽረው፣ ለበሽታው መጋለጥ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ከሚያውቅባቸው ጂኖች ጋር የተያያዘ መሆኑን አረጋገጡ። ጂን ማለት ከአባትና ከእናት እኩል የምንወርሰው፣ የሰውነታችን አሠራር የተጻፈበት ትእዛዝ ነው።

ያው የ2007ቱ ጥናት የዘር ድርሻ 63 በመቶ እንደሚሆን ገምቷል። ይህን ቁጥር የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያው ከአሥር ልጆች ስድስቱ ይታመማሉ» ብለው ይተረጉሙታል። ትርጉሙ እንዲህ አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው፣ በዚያ ሕዝብ መካከል አንዱ ታሞ ሌላው ደኅና ለመሆኑ ምክንያት ከሆነው ልዩነት ምን ያህሉ ከውርስ እንደሚመጣ ነው፤ ያውም ሕዝቡ በባዶ እግሩ በሚሄድበት ሁኔታ። የሚወረሰው ለአፈሩ የመቆጣት ዝንባሌ እንጂ እብጠቱ ራሱ አይደለም። ዝንባሌውን የወረሰ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግ፣ እግሩን በየዕለቱ በሳሙና ቢታጠብ፣ የአፈሩ ቅንጣት ወደ ሰውነቱ የሚገባበት መንገድ ይዘጋል፤ እግሩም ጤነኛ ሆኖ ሊያረጅ ይችላል።

ስለዚህ የንስሐ አባቶች በጋብቻ ምክር ጊዜ ይህን ለይተው ሊናገሩ ይገባል። ሰባት ቤት የመቁጠር ሥርዓታችን ከጤናም አንጻር ጥበብ አለበት፤ ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሱ በቀር የማይገለጡ ሕመሞች በቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ ይበዛሉና። ይህን ሥርዓት አስፋፍቶ እናቷ እግሯን ስለታመመች ብቻ ልጅቱን ከትዳር መከልከል ግን ከቀኖናም ከሕክምናም ድጋፍ የለውም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለላቸውም። ከሽታውና ከሐፍረቱ የተነሣ ከደጀ ሰላም ውጭ ቆመው የሚያስቀድሱ ታማሚዎች ባሉበት አጥቢያ ይህ ምዕራፍ ሊሰበክ ይገባዋል።

ለታመሙትም ተስፋ አለ። በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማዘውተር፣ ትኩሳትና ሥቃይ ያለበትን የእግር መቆጣት እንደሚቀንስ አስመስክሯል። ጠበል የሚጠመቅ ታማሚ ከጠበሉ በኋላ እግሩን አድርቆ ጫማውን ቢያደርግ ከእምነቱ አንዳች አይጎድልበትም። ወደ ቤተ መቅደስ ስንገባ ጫማ ማውለቃችንም ለዚህ ሰበብ አይሆንም፤ ጫማው እስከ በሩ ድረስ ያገለግላል፣ ቤት ሲደርሱም እግር ይታጠባል።

ወደ ሁለተኛው ዘር እንለፍ። ገበሬዎቻችን ከግብርና ጽሕፈት ቤት የሚያገኙትን ምርጥ ዘር በቆሎ «የተለወጠ» እያሉ ሲፈሩት ይሰማል። እንደ ቢኤች 540 እና ቢኤች 660 ያሉት የተዳቀሉ ናቸው፤ የአንዱ የበቆሎ ዐይነት የወንዴ ብናኝ ከሌላው ሴቴ ጋር ተገናኝቶ የተገኙ ማለት ነው። ፍሬያቸው ተመልሶ ሲዘራ ምርቱ የሚያንሰው የሁለቱ ወላጆች ጠባይ በልጆቹ ላይ ስለሚበታተን ነው፤ መርዝ ስላለበት አይደለም። ሕጋችን «ልውጠ ሕያው» የሚለው ሌላ ነው፤ የአንድ ፍጥረት ጂን በቤተ ሙከራ ተወስዶ በሌላው ውስጥ የገባበት ሕያው ነገር ነው። ስለዚህ የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ነው፤ ጥብቅነቱ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ላላ ተደርጓል። ከዚያ በኋላ በ2010 ዓ.ም. በአገራችን ለእርሻ የተፈቀደው ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ጂን ያለበት፣ ጓይ ትልን የሚከላከል ጥጥ ነው። ጥጥ ልብስ ነው ብለን ብቻ አንለፈው፤ ከፍሬው የምግብ ዘይት ይጨመቃልና።

ይጎዳልን? የዓለም ጤና ድርጅት አቋም፣ እያንዳንዱ ዐይነት ለብቻው ሊመረመር ይገባል፤ በዓለም ገበያ ያሉትና ምርመራውን ያለፉት በሰው ጤና ላይ ጉዳት ማድረሳቸው አልታየም የሚል ነው። ለብቻው የሚመረመርበትን ምክንያት አንድ ምሳሌ ያሳያል። በአሜሪካ የብራዚል ለውዝ ጂን ወደ አኩሪ አተር በገባ ጊዜ፣ ለውዙ አለርጂ የሚያስነሣባቸውን ሰዎች አኩሪ አተሩም እንደሚያስነሣባቸው በምርመራ ታወቀ፤ ሥራውም ለገበያ ሳይደርስ ቆመ። በሌላ በኩል ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2002 በረሃብ ጊዜ ልውጠ ሕያው የእርዳታ በቆሎ አልቀበልም ብላለች። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በካርታኼና ስምምነት ድርድር አፍሪካን ወክለው የተሟገቱባቸው ነገሮች፣ ማለትም የዘር ባለቤትነትና የአገር በቀል ዝርያዎች መበከል፣ በእኔ አስተያየት ዛሬም መልስ የሚሹ ናቸው። ነገር ግን እነርሱ የባለቤትነትና የብዝኀ ሕይወት ጥያቄዎች ናቸው፤ «ብበላው እታመማለሁን?» ከሚለው ጋር ስናደባልቃቸው ሁለቱንም ሳንመልስ እንቀራለን።

የሰው እጅ ያልነካው ዘር ሁሉ ደኅና ነው የሚለውን አሳብ የሚያፈርሰው ደግሞ በገዛ ማሳችን አለ፤ ጓያ ነው። ጓያን ማንም በቤተ ሙከራ አልለወጠውም። በዘሩ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ መርዝ ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን የጀርባ አጥንት ነርቮችን ይጎዳል፤ ወጣቱን፣ በተለይም ወንዱን፣ በምርኩዝ ያስቀራል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያና በፎገራ፣ ከ1987 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ ከጋይንት በስተ ምሥራቅ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው ተጎድቷል። ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ጓያ ይተርፋል፤ ድርቁ ራሱ ደግሞ በጓያው ውስጥ ያለውን መርዝ ይጨምራል። ተመራማሪዎች በማዳቀል መርዙ ያነሰ ዝርያ አውጥተዋል፤ እርሱም ቢሆን የመርዙ መጠን እንደሚዘራበት አፈርና እንደ ዝናቡ ይለዋወጣል። ከእግር እብጠቱ ጋር ያለው ዝምድና ይህ ነው፤ በሁለቱም ዘር ከአፈር ጋር ተገናኝቶ ነው የሚጎዳው።

አንዳንዶች የጓያ እንፋሎት ወይም ገለባ ይሰብራል ብለው ሲጠነቀቁ፣ ቆሎውን፣ ንፍሮውንና እሸቱን ያለ ስጋት ይበላሉ። የሚጎዳው መብላቱ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ እነዚህኑ ማዘውተር። ጓያ የግድ በሚበላበት ቤት በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደርና ውኃውን መድፋት፣ ቢቀቅሉትም የመጀመሪያውን ውኃ መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር መቀላቀል ይረዳል። በጾም ወራት ሽሮው ሁሉ ከጓያ ብቻ እንዳይሆን እናቶች ይምከሩበት። ጉልበት ሲከብድና ባት ሲኮማተር ጓያውን በዚያው ቀን አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ሰበካ ጉባኤያትም የእርዳታ እህል በሚደለደልበት ጊዜ በጓያ ብቻ የሚኖሩትን አባወራዎች፣ ይልቁንም ጎልማሳ ወንዶች ልጆች ያሏቸውን፣ አስቀድመው መዝግበው ለወረዳው ያሳውቁ።