ስለ ጭልሞ ደን

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ጊንጪ የምትባል ከተማ አለች። ከከተማዪቱ በስተ ሰሜን ጭልሞ የሚባል ደን ይገኛል። በውስጡ ጥድ፥ ዝግባና ወይራ ይበቅላሉ፤ ጉሬዛም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል።

የደን ዛፎች በሥሮቻቸው አፈሩን ይይዛሉ፤ የዝናቡንም ውሃ አቆይተው ለምንጮች ይሰጣሉ። ታላቁ የአዋሽ ወንዝ የሚነሣው በዚሁ በጊንጪ አቅራቢያ ካለው ደጋ ነው። ከዚያም 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በአፋር ምድር ወዳለው ወደ አቤ ሐይቅ ይገባል። እንግዲህ በደጋ ያለ ሰው ደኑን ቢያጠፋ፥ በቈላ ያለውን የማያውቀውን ወንድሙን ይጐዳል።

ዛፍ የሚቈርጥ ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ማገዶና እንጀራ ቸግሮት ይቈርጣል። ስለዚህ በጭልሞ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተሰበሰቡ፤ ከደኑ በልክ እየተጠቀሙ ሊጠብቁት ከመንግሥት ጋር ተዋዋሉ።

የአገሩ ሰዎች ኦሮሞዎች ናቸው። በኦሮሞ ባህል ሽማግሎች ኦዳ ከሚባለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስለ ሕግና ስለ ዕርቅ ይመክራሉ። የገዳ ሥርዓታቸውም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ተጻፈ።

ደኑን ሊያይ የሚሄድ እንግዳ አስቀድሞ ለአገሩ ሰዎች ሰላምታ ይስጥ፤ መንገዱንም ይጠይቃቸው። በማያውቀው ልማድ አይሣቅ፤ ለጋ ቅርንጫፍም አይስበር።

ዝግባን ለመጣል አንድ ቀን ይበቃል፤ ለማሳደግ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም።