መጽሐፉ አለ፣ ኮምፒዩተሩ ግን የለም ይላል
(ለእጩ መምህራንና ለት/ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች)

እንደሚታወቀው የመምህር ሥራ በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ አያልቅም። ነገ በየምድብ ቦታችን ስንደርስ፣ ከማስተማሩ ሌላ «ቤተ መጻሕፍቱንም ደርባችሁ ያዙ» የምንባል ሞልተናል። ዛሬ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ከመደርደሪያው ጋር ኮምፒዩተሩም፣ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም አብሮ ይነሳል። መሣሪያዎቹ ጠቃሚ መሆናቸውን ማንም አይክድም። ዳሩ ግን የአማርኛ መጽሐፍ ሲያጋጥማቸው የሚያነክሱበት ቦታ አለ። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ከልምምድ ሥራችን ተነስተን እናሳያለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ሆነን ለልምምድ በተመደብንበት፣ እዚሁ ጉለሌ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት፣ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ከመዝገብ ወደ ኮምፒዩተር እናዛውር ተባባልንና ኤክሴል ላይ ጻፍነው። ሥራው ሲያልቅ ደስታችን ልክ አልነበረውም። በማግሥቱ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ መጥታ «ቲቸር፣ ተረት ተረት የመሠረት አለ? ለታናናሾቼ ላነብላቸው ነው» አለችን። ይኸ የሐዲስ ዓለማየሁ የተረት መጽሐፍ ነው። ከመካከላችን አንዱ ርዕሱን ጽፎ ፈለገ፤ ኮምፒዩተሩ የለም አለ። በደራሲው ስም ሞከርን፤ አሁንም የለም። «የለም፣ እህቴ» ብለን ሸኘናት። እሷም አንገቷን ደፍታ ሄደች።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከምሳ ሲመለሱ ነገርናቸው። «ምነው ልጆቼ! ትናንት በእጃችሁ ይዛችሁት የለም እንዴ?» አሉና ከሦስተኛው መደርደሪያ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ መጽሐፍ መዘው አወጡ። አፈርን። እሳቸው ኮምፒዩተር ሳይነኩ ያገኙትን እኛ ኮምፒዩተር ይዘን አጣነው። ልጅቷ ግን ያን ዕለት አልተመለሰችም።

ስሕተቱ ከየት መጣ?

ማታ ተሰብስበን ዝርዝሩን ስናገላብጥ ሦስት ቋጠሮ አገኘን።

1ኛ/ ሞክሼ ሆሄያት። መዝጋቢው «የመሠረት» ብሎ በ«ሠ» ጽፎታል፤ ፈላጊው «የመሰረት» ብሎ በ«ሰ» ፈለገው። መዝጋቢው «ሐዲስ ዓለማየሁ» ሲል፣ ፈላጊው «ሀዲስ አለማየሁ» አለ። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን አይደለም። ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩት ዩኒኮድ በተባለ ሰንጠረዥ ነው። የግዕዝ ፊደል በዚህ ሰንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሄክሳዴሲማል በሚባለው አቆጣጠር «ሀ» 1200፣ «ሐ» 1210፣ «ኀ» 1280፣ «ሠ» 1220፣ «ሰ» 1230 ነው። እንግዲህ 1220 ብለን መዝግበን 1230 ብለን ብንጠይቀው የለም ቢል ምን ያጠፋል? የነገርነውን ነው የመለሰልን።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስለን በወረቀት እናስላው። የ«ሐዲስ» መጀመሪያ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ቢጻፍ ንባቡ አይለወጥም፤ መጨረሻው ስ ወይም ሥ ይሆናል። 6 ጊዜ 2፣ 12 ነው። የ«ዓለማየሁ» መጀመሪያ አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ፣ መጨረሻው ሁ፣ ሑ ወይም ኁ ይሆናል። 4 ጊዜ 3፣ ይኸም 12 ነው። 12 ጊዜ 12፣ 144! አንድ ደራሲ በ144 ዓይነት አጻጻፍ ሊመዘገብ ይችላል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሰው የሚጠቀምባቸው ጥቂቶቹ ቢሆኑም፣ ልጅቷን ባዶ እጇን ለመመለስ ሁለቱ ብቻ በቂ ነበሩ።

2ኛ/ ስም። በአገራችን ከስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው። በብዙ የውጭ አገር የቤተ መጻሕፍት አሠራር ግን የቤተሰብ ስም ይቀድማል። ለምሳሌ ኮሃ የሚባል በነፃ የሚገኝ የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኒውዚላንድ ውስጥ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የውጭውን ልማድ እንዳለ ተከትለን ብንሞላው፣ ሐዲስ ዓለማየሁ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ተብለው ከ«ዓ» ሥር ይገባሉ። መጽሐፉን ልጅ ጽፎት ለአባት ተመዘገበ ማለት አይደል? ከመካከላችን አንዱ እንዲሁ አድርጎ ነበር የመዘገበው።

3ኛ/ ዘመን። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1965/66 መሆኑ ነው። «1958» ብለን ዘመኑን ሳንለይ ብንተወው፣ ነገ ዝርዝሩን ከሌላ ዝርዝር ጋር የሚያገናኝ ሰው መጽሐፉን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል።

ታዲያ ምን ይበጃል?

ፊደል ይቀነስ፣ አይቀነስ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ እኛም እዚህ አንጨርሰውም። ሞክሼ ሆሄያት ለትርጉም የሚያገለግሉበት ጊዜም አለ። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ሲሆን «ሰረቀ» የታወቀው ሌብነት ነው። ስለዚህ የደራሲውን አጻጻፍ ሳንነካ፣ ፍለጋውን ብቻ ማቃናት ይገባናል። የሠራንበት መንገድ ይኸውና፦

ሀ/ በአንድ ዓምድ ርዕሱንና ደራሲውን ልክ በሽፋኑ ላይ እንዳለ መጻፍ። ይህ ዓምድ አይነካም።

ለ/ ከጎኑ «የፍለጋ ሆሄ» የሚባል ሌላ ዓምድ ከፍቶ የመጀመሪያውን መቅዳትና፣ በዚህኛው ብቻ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መለወጥ። በኤክሴል ፈልጎ የሚተካው ትእዛዝ ይህን በደቂቃዎች ይሠራል። ሁለት ጥንቃቄ ግን ያሻል። አንደኛ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም ቤት መለወጥ ነው፤ ሐን ለውጦ ሑን የተወ ሥራውን አልጨረሰም። ሃንም ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ ማምጣት እንዳይረሳ። ሁለተኛ፣ ከመተካት በፊት ያንን ዓምድ ብቻ መምረጥ ነው፤ አለዚያ የመጀመሪያውም አብሮ ይለወጣል።

ሐ/ የደራሲን ስም በራሱ ስም ማስቀደም፣ የአባት ስም ማስከተል።

መ/ ዓመተ ምሕረት ሲጻፍ ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አለመዝለል።

ሠ/ ደንቡን በአንድ ገጽ ጽፎ ከኮምፒዩተሩ በላይ መለጠፍ። መዝጋቢም ፈላጊም የሚጠቀሙበት ደንብ አንድ ካልሆነ ዓምዱ ምንም አይፈይድም።

ይህ ምክር ከመደርደሪያ መጻሕፍት አልፎ ለኢንተርኔቱም ይሠራል። የሕንዱ ፕራታም ቡክስ እ.ኤ.አ. በ2015 የከፈተው ስቶሪዊቨር፣ የአማርኛ ጭምር የልጆች መጻሕፍትን በነፃ ለማውረድና ለማተም ይፈቅዳል። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ውክፔዲያን፣ አማርኛውንም ጨምሮ፣ አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ኮሊብሪም እንዲሁ ትምህርቶችን ያለ ኢንተርኔት ለክፍል ያደርሳል። ኔትወርክ ካለበት አውርዶ በፍላሽ ይዞ መሄድ ይቻላል። እነዚህንም ስንጠቀም በአማርኛ የፈለግነው ነገር ቢጠፋ፣ «በአማርኛ ምንም የለም» ብለን ከመደምደማችን በፊት ፀሐይን በ«ጸሀይ» ሥነን በ«ስነ» እንሞክር።

እውነት ነው፣ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ የያዘ ሰው አራት ኪሎ ወርዶ በ2014 ዓ.ም የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ያገኛል። ዳሩ ግን የአንድ ልጅ የመጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት የት/ቤቱ ነው። እዚያ «የለም» የተባለ ልጅ ሌላ ቦታ ሄዶ እንዲጠይቅ ማን ያደፋፍረዋል? ልጅ መምህሩን ያምናል። የለም ስንለው የለም ብሎ ይቀራል።

ልጅቷን በሳምንቱ አገኘናትና መጽሐፉን ሰጠናት። «ቲቸር፣ የለም አላላችሁም?» አለች። «እኛ ነን ያልፈለግነው» አልናት። አሁን ዝርዝሩ በየትኛውም «ሰ» ቢጠየቅ ይመልሳል። ቢሆንም ኮምፒዩተሩ የለም ባለ ቁጥር ከወንበራችን ተነስተን መደርደሪያውን እናያለን፤ ካጣንም እትዬን እንጠይቃለን።

የመምህራን አስተያየትና የሌሎች ሠልጣኞች ተሞክሮ ቢጨመርበት ደስ ይለናል። ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ባዶ ወረቀት ለጥፈናል፤ በፈለጋችሁት ሆሄ ጻፉበት።